ቀለም የማይለየው ቀለም ነካሪ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጁዲት የጠየቀችኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር። «ከቀለም ጋር እንዴት ነህ?» አለችኝ። «በጣም ጥሩ ነኝ» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያችን መልስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሸክሜያት ዞርኩ።

እውነቱን ልናገር። እኔ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ሲፈጥረኝ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ቀቡ ተባልንና ቀዩን ከላይ፣ አረንጓዴውን ከታች አድርጌ በኩራት አስረከብኩ። ዘመኑ እንዲህ ያለ ቀልድ የሚወደድበት አልነበረም። መምህራችን አባቴን አስጠርተው «ይህን ልጅ ማን ነው የላከው?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ቤት ወስዶ ጉዳዩን በቀበቶ አብራራልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀለም ለጠየቀኝ ሁሉ «በጣም ጥሩ ነኝ» ማለት ለመድኩ።

የሥራ ቦታችን ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ ከባቡር ድልድይ ሥር ነበር። ከፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ፣ ከኋላ ቀለም መንከሪያ ክፍል። ነጭ የሱፍ ክር በቱባ በቱባው ይመጣል፤ እኛ እንነክረዋለን፣ እናደርቀዋለን፣ እንሸጠዋለን። ገዢዎቻችን ሹራብ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አራት ወር ቁጭ ብለው የሚሠሩት ሹራብ ገበያ ወጥተው ቢገዙት የክሩን ዋጋ ሩብ አይፈጅባቸውም። ይህንን ለአንዲት ደንበኛ ነገርኳትና ጁዲት ከዚያ በኋላ ወደ ፊተኛው ክፍል ብዙም እንዳልወጣ መከረችኝ።

ሦስት ሰዎች ነበርን። ጁዲት ባለቤት ናት፤ ያኔ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ሽበቷን ጠቅልላ የሹራብ መሥሪያ ሹል የምትሰካበት ሴት። አደይ ለተብርሃን ማጠንጠኛው ላይ ይቀመጣሉ፤ የኤርትራ ሰው ናቸው፣ አደይ እናቴ ማለት ነው፣ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እኔን ከነአማርኛዬ የሚያርሙ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሥራ ፈላጊ የሚሰለፍበት ጆብ ሴንተር የላከኝ፣ ከዚያ በፊት መኪና ሳጥብና መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም የኖርኩ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ጁዲት አንድ ጎላ ሙሉ ክር እሳት ላይ ጥዳ፣ ቴርሞሜትሩን አሳይታኝ «እንዳትነካው» አለችና ስልክ ልታነሳ ሄደች። እንግዲህ እኛ ቤት እሳት ላይ ያለ ነገር ሳይማሰል አይተውም፤ ያርራል። አማሰልኩት። ደህና አድርጌ አማሰልኩት። ከዚያ ለማገዝ ብዬ አውጥቼ በቀዝቃዛ ውሃ እንደ ጋቢ አሸሁት። ሱፍ ከፈላ ውሃ ወደ ቀዝቃዛ ሲገባና ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ቆርበት ይደርቃል። ይህን ማን ነገረኝ?

ጁዲት ተመልሳ አየችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሱፍ ነው።»

«ነበር» አለች።

አላባረረችኝም። ያንን አሥር ቱባ የነበረ አንድ ነገር በሩ ሥር አነጠፈችው፤ እስከ ዛሬ እግር ይጠረግበታል። እኔም በሙያው የመጀመሪያውን ሕግ ተማርኩ፤ ሱፍ ወጥ አይደለም።

ሁለተኛው ሕግ ሎት የሚባለው ነው። አንድ ጎላ አንድ ሎት ነው። ያው ቀለም፣ ያው ሰው፣ ያው ውሃ ቢሆንም የዛሬው ጎላና የነገው ጎላ አንድ ዓይነት አይወጣም። ከሁለት ሎት የተሠራ ሹራብ ሆዱ ላይ መስመር ያወጣል። አራት ወር ለፍታበት ሆዱ ላይ መስመር ያየች እንግሊዛዊት ደግሞ አትጮህም፤ ደብዳቤ ትጽፋለች። ጩኸቱ ይሻል ነበር።

ጁዲት አርቲስት ናት። አርቲስት መሆኗን የነገረችኝ ራሷ ናት። ሚዛን አትወድም። የቀለሙን ዱቄት በማንኪያ ጫፍ ቆንጥራ ጣል ታደርግና ክሩን መስኮት አጠገብ አንጠልጥላ ዓይኗን ታጠብባለች። «ስሜቴን ነው የምከተለው» ትላለች። እኔ ስሜቴን ብከተል የት እንደምደርስ ስለማውቅ ሚዛኑን ተከተልኩ። ይህን ያህል ግራም ዱቄት፣ ይህን ያህል አቼቶ፣ ይህን ያህል ዲግሪ፣ ይህን ያህል ደቂቃ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ከክሩ ጋር በሚሄደው የሎት ወረቀት ግርጌ ላይ «ታ» ብዬ እፈርማለሁ። እሷ ስትነክር «ጄ» ብላ ትፈርምና ሌላ ምንም አትጽፍም።

አንዳንዴ ከጎላው እርጥቡን ክር ታወጣና ትጠራኛለች። «ታዲ፣ ይሄ ሙቀት አይጎድለውም?» እኔ ጠጋ እላለሁ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ረዘም ላለ ጊዜ አየዋለሁ። ከዚያ ተንፈስ ብዬ «ትንሽ እንጠብቀው» እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያልኩት ይህንኑ ነው። እሷም ለደንበኞቿ «ታዲ በለንደን ያለ ምርጥ ዓይን አለው፤ አይቸኩልም» ትላቸዋለች። አይ ጉድ! እኔማ ምኑን አይቼው እቸኩላለሁ?

የነከርኩትን እንዴት እንደምለይ ደግሞ ዘዴ አበጀሁ። ቱባው እንዳይተበተብ በሲባጎ ይታሰራል። ሲባጎው ላይ እቋጥራለሁ፤ አንድ ቋጠሮ አንዱ ቀለም፣ ሁለት ቋጠሮ ሌላው፣ እንዲህ እያልኩ እስከ አምስት። ዳሰስ አድርጌ አውቀዋለሁ። ጁዲት ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስቋጥር አየችና ጸሎት መሰላት። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

ሲባጎው ያልመለሰውን አደይ ለተብርሃን ይመልሱልኛል፤ እሳቸው ሳያውቁት። «አደይ፣ ከነዚህ የትኛው ያምርብዎታል?» እላቸዋለሁ። «ቀዩ ይሻላል፣ ወደይ» ይላሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም ቀዩ የትኛው እንደሆነ በጣታቸው አይና አመስግኜ እሄዳለሁ። እኚህ ሴትዮ ይህ ሰው ቀለም እንዴት ይወዳል እያሉ ኖሩ።

አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ውሻውን ይዞ መጣ። ውሻውን የሚመስል ክር ነው የፈለገው፤ እሱና ውሻው ተመሳሳይ ሹራብ ሊለብሱ። ጁዲት በደስታ ሰከረችና «ታዲ፣ ይህ ያንተ ሥራ ነው» አለችኝ። ውሻው አየኝ፣ አየሁት። እንደ እሱ ያለ ቀለም በሕይወቴ ስንት ጊዜ አይቼ ስንት ስም እንደሰጠሁት አላውቅም። ውሻውን እየጎተትኩ ማጠንጠኛው ጋ ሄድኩ። «አደይ፣ ይህ ውሻ ያምራል?» «ዳማ ነው፤ ፈረስ ቢሆን ያምር ነበር» አሉ። ዳማ የሚሆነውን ዱቄት በግራም መዝኜ ነከርኩ። ሰውዬው አለቀሰ አሉኝ።

አደይ ለተብርሃን በሥራቸው እንከን የለባቸውም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው። በማርያም ቀን ክር አይነኩም። በበዓል ጥጥ አይፈተልም ተብለው ነው ያደጉት፤ ሱፍ ቢሆን፣ ማጠንጠኛው በኤሌክትሪክ ቢዞር፣ ቦታው ቶተንሃም ቢሆን አይመለከታቸውም። መጥተው ይቀመጣሉ፣ ሻይ ያፈላሉ፣ ስልክ ያነሳሉ። ክር ግን የለም። ጁዲት መጀመሪያ ተከራከረች፣ ከዚያ የግድግዳውን ካላንደር አምጥታ «በየወሩ መቼ እንደሆነ ምልክት አድርጊልኝ» አለቻቸው። ማርያምን አደረጉ። ሚካኤልን ጨመሩ። ገብርኤል ላይ ሲደርሱ ጁዲት እስክሪብቶውን ተቀበለቻቸው።

አሁን ኦተም ወደሚሉት ወቅት ልምጣ። እኛ አገር መስከረም ሲጠባ አበባ ይፈካል፣ ሰው ደስ ይለዋል። እዚህ ቅጠል ሲረግፍ፣ ሰማዩ ሲጠቁር፣ አፍንጫ ሲፈስ ነው ሰው ደስ የሚለው። በበጋ ሱፍ የሚነካ የለም፤ ከመስከረም እስከ ገና ግን ስልኩ አይዘጋም። ጁዲት በየዓመቱ የኦተም ሣጥን ታወጣለች፤ በየሣጥኑ አምስት ቱባ፣ አምስት ቀለም። ስማቸውን የምታወጣውም እሷ ናት፦ «የቀበሮ ጅራት»፣ «ሞስ የወረሰው የመቃብር ድንጋይ»፣ «የበር ዝገት»፣ «የመጨረሻው ፖም»፣ «የአያቴ ወንበር»። ሞስ የሚሉት እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት ነው። ለእኔ አምስቱም ሽሮ ናቸው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ሽሮ።

በአሥራ አንደኛው ዓመቴ፣ መስከረም ላይ ጁዲት ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ከገና በኋላ እህቴ ጋ ወደ ባሕሩ ዳር ልሄድ ነው። ደክሞኛል። ቀለም ክፍሉን ላንተ ልተወው አስባለሁ። ከራሴ ሌላ የማምነው ዓይን ያንተን ብቻ ነው» አለችኝ። አመሰገንኳት። ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህ ቦታ ካመለጠኝ ተመልሼ ጆብ ሴንተር ነው የምሰለፈው፤ እንደገና «ምን ትችላለህ?» ልባል ነው። ደግሞም ሥራውን ወድጄው ነበር። ይህን እስከዚያ ቀን ለራሴም አልነገርኩም ነበር።

ያን ዓመት ስልሳ ሣጥን ታዘዘ። ሦስት መቶ ቱባ ነከርኩ፣ ቋጠርኩ፣ አደረቅሁ። ሥራውን ጨርሼ ገብቼ ተኛሁ፤ የሚቀረው ሣጥን ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። በነጋታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት መኪናው መጥቶ ይወስደዋል።

ጠዋት ስገባ ሦስት መቶው ቱባ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተራራ ተከምሯል። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቡናማ ሪባን። አንድም ሲባጎ የለም። ጁዲት ማስታወሻ ትታልኛለች። «ታዲ፣ የሱቅ አያያዝ ኮርስ ያስተማረኝ ሰውዬ ሲባጎ ሥጋ ቤት ያስመስላል ስላለኝ ቆርጬ ጣልኩት። ጸሎትህን በመቁረጤ እግዜር ይቅር ይለኛል ብዬ አምናለሁ። መልክ መልካቸውን ለይተህ አስገባቸው። ዓይን ላለው ሰው ቀለሙ ራሱ ምልክት ነው።»

በስመ አብ! ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሞከርኩ። መብራት ሥር ወሰድኳቸው፣ መስኮት አጠገብ ወሰድኳቸው፣ አሸተትኳቸው። አቼቶ አቼቶ ይላሉ፣ ሁሉም። መዘንኳቸው፤ ሁሉም እኩል ናቸው፣ እኔው ነኝ እኩል ያደረግኳቸው። ቀለም የሚናገር አፕ ስልኬ ላይ ዳውንሎድ አደረግሁ። በዚያ ኅዳር ጠዋት ድንግዝግዝ ብርሃን አምስቱንም «ቡናማ» አለኝ። ስልኬም እንደኔው ነው።

አደይ ለተብርሃን አልመጡም። ካላንደሩን አየሁ። ኅዳር ሃያ አንድ፣ ጽዮን ማርያም። ወይ መዓት! ከዓመት ሁሉ ቀን መርጦ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ ነጠላቸውን እንደለበሱ። እንኳን አደረሰዎት ብዬ ወንበር አቀረብኩላቸውና የተለመደውን ዘዴዬን አወጣሁ። «አደይ፣ ከነዚህ የትኛው ያምራል?»

«ሁሉም ያምራል፤ ዛሬ በዓል ነው» አሉኝ።

«አይደለም፣ ከሁሉ የሚያምረው?»

«ሁሉም።»

ሰዓቱን አየሁ። ጁዲት በስድስት ሰዓት ሣጥኖቹን ይዛ ትመጣለች። አልቻልኩም። «አደይ፣ እኔ ቀይና አረንጓዴ አልለይም» አልኳቸው። አፈርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሆኜ ቆምኩ።

ረጋ ብለው አዩኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ‹ይህ ያምራል? ያ ያምራል?› የምትለኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ ምን ያለ ለቀለም ልቡ የሚሳሳ ሰው ነው እያልኩ ለሰው ሳወራ! አንተ ከሲታ ሌባ!» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሳቃቸው አላልቅ አለ። እኔ አልሳቅሁም።

«ዛሬ ይርዱኝ። ሥራዬ ሊሄድብኝ ነው።»

«ክር አልነካም።»

«አደይ...»

«አልነካም አልኩ። ግን ዓይን አይፈትልም» አሉ። ወንበራቸውን መሐል ሳቡ፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «በዓል ያሰረው እጄን ነው። በል አንሣ።»

እያነሳሁ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸው ይፈርዳሉ። «ቀይ። ዳማ። አረንጓዴ። ያው አረንጓዴ። ብርቱካን።» እኔ እየሮጥኩ አምስት ቦታ እከምራለሁ። ዕድሜ ልኬን ስደብቀው የኖርኩትን ነገር በግልጽ ስሠራው ሥራው ፈጠነ። በየመሐሉ ቱባ እየተሳሳትኩ አስቀምጣለሁ፣ እሳቸው ይቆጣሉ። ሁለት መቶውን አልፈናል። አንዱን ቀዮቹ ላይ ስጥለው ትዕግሥታቸው አለቀና በእንግሊዝኛ ጮሁ። «ግሪን! ታደሰ! ግሪን ነው ያልኩህ!»

ጁዲት በሩ ላይ ቆማለች። ክንዷ ሙሉ የታጠፈ ሣጥን ይዛለች።

ሣጥኖቹን አስቀመጠች፣ ወደ ክምሩ መጣች፣ ሁለት ቱባ አነሳችና በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። «ታዲ፣ የቀበሮ ጅራት የትኛው ነው?»

መገመት እችል ነበር። ከሁለት አንዱ ነው። «ትንሽ እንጠብቀው» ማለትም እችል ነበር። አፌን ከፈትኩና «አላውቅም» አልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህችን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

ጁዲት ያልተከፈተ የአቼቶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለች። አደይ ለተብርሃን ብቻ አልተጨነቁም። «ሰዓት እየሄደ ነው። እኔ እጄ ታስሯል እንጂ እናንተ ምን ሆናችሁ?» አሉን። ተነስተን ሠራን። መኪናው በስምንት ሰዓት ሲደርስ ስልሳው ሣጥን ታሽጎ በር ላይ ተደርድሮ ነበር።

መኪናው ከሄደ በኋላ ጁዲት ከመደርደሪያው የቅሬታ ክላሴሩን አወረደች። የተመለሰ ክር ሁሉ ከነሎት ወረቀቱ እዚያ ይገባል። ገጽ በገጽ ገለጠችው፤ ጄ፣ ጄ፣ ጄ። «ታ» የሚል ፈለገች። ተመልሳ ከመጀመሪያው ገለጠች። የለም። ይህን ባየች ጊዜ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እንዴት ደስ ይበላት? አርቲስት ናት እኮ። ክላሴሩን ዘጋችና ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። እኔም ሽርጤን አጥቤ፣ ጓንቴን አጥፌ፣ የስንብት ደብዳቤዬን ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን መጣች።

«በለንደን ምርጡ ዓይን ያለው እሱ ነው ብዬ ለስንት ሰው እንደነገርኩ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

«አሁን ሄጄ ቀለም አይለይም ልበላቸው? ምን ይሉኛል?» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ቀለም ክፍሉ ያንተ ነው። አንድ ቃል ብትተነፍስ ግን እገድልሃለሁ።»

ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እነሱም ዘንድ አለ፣ ሲጠሩት ሌላ ብለው ነው እንጂ።

ጁዲት ባሕሩ ዳር ሄዳ አሁን ሥዕል ትሥላለች፤ በስሜቷ። አደይ ለተብርሃን ከማጠንጠኛው በተጨማሪ የቀለም ዓይን ሆነው ተሾሙ፤ ሹመቱን የተቀበሉት ገብርኤል ካላንደሩ ላይ እንዲጨመር አስማምተው ነው። እኔ ሰው ስቀጥር «ከቀለም ጋር እንዴት ነህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የምጠይቀው «ምን ያስቸግርሃል?» ብዬ ነው። አብዛኛው «ምንም» ይላል። አምናቸዋለሁ ብላችሁ ነው?

ባለፈው ኦተም ጡረታ ወጣሁ። አደይ ለተብርሃን በእጃቸው የሠሩትን ሹራብ ሰጡኝ። በበዓል ቀን አንድ ረድፍም ስለማይሠሩ ሦስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ለብሼው መስታወት ፊት ቆምኩ። ሽሮ ነው።

«አደይ፣ ቀለሙ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ያምራል ወይ ብዬ አልዞርኩም።

«አረንጓዴ» አሉ።

ከኔ በኋላ ቀለም ክፍሉን ለምትረከቡ የምለው ይህንኑ ነው። መዝናችሁ ሥሩ፣ ያልለያችሁትን ጠይቁ። መልሱ አንድ ቃል ነው።